ክሬም ሊኬር እንደ ውስኪ አይከርምም

ውስኪ የሚነግድ ሰው ዕቃው መጋዘን ቢከርምበት ብዙም አይሰጋም፤ ጠርሙሱ ካልተከፈተ አይበላሽምና። በዚሁ ሂሳብ ክሬም ሊኬር የሚያከማች አስመጪ ግን ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 ገበያ ላይ የዋለው የአየርላንዱ ቤይሊስ የወተት ክሬምና ውስኪ የተዋሃዱበት መጠጥ ነው። ክሬሙን ከመበላሸት የሚጠብቀው 17 በመቶ የሆነው አልኮሉ ነው። ሆኖም አምራቹ ለጣዕሙ ዋስትና የሚሰጠው ለ2 ዓመት፣ ያውም ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት ለተቀመጠ ብቻ ነው። ሁለቱ ዓመታት የሚቆጠሩትም ከተመረተበት ቀን ጀምሮ እንጂ ከተሸጠበት አይደለም። በመርከብ፣ በጅቡቲ ወደብና በጉምሩክ ያለፈው ጊዜ ሁሉ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል።

ታዲያ ጠርሙሱን ፀሐይ በሚመታው መስኮት መደርደር ዕቃን በገዛ እጅ ማርከስ ነው። “ቅናሽ” የተለጠፈበት ሲገኝም ገዢው ከዋጋው በፊት ቀኑን ቢያነብ ይበጀዋል።

ለጠጪው በረዶ ላይ፣ ወይም ትኩስ ቡና ውስጥ ጠብ ማድረግ ይበቃል። እንደ ጂን በቶኒክና በሎሚ ልጠጣው ያለ ግን ብርጭቆው ውስጥ አይብ ያገኛል፤ አሲዱ ክሬሙን ይቋጥረዋል። ከማሩላ ፍሬ የሚሠራው የደቡብ አፍሪካው አማሩላም ክሬም ነውና በሎሚ አይደፈርም።