ኦኬ ከመጫናችሁ በፊት አንብቡት

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ አስቀድሜ ይቅርታ።

እዚህ አቃቂ በሰቃ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ወዳጅ አለኝ። ሒሳቡን የሚይዘው እንደ ብዙ ነጋዴዎቻችን በፒችትሪ ነው። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ሠራተኛዋ ስትከፍተው የድርጅቱ ዳታ ያለበት ቦታ አልተገኘም የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ወጣ። ባለሙያ ተጠራ። ሳያነበው ኦኬ ብሎ ዘጋው፣ «ቫይረስ ነው» አለ፣ ሲንም ዲንም ፎርማት አደረገ። የሁለት ዓመት ሒሳብ አብሮ ሄደ። ባክአፕ የለም። ሰውየው የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው፤ እስከ ጥቅምት 30 ሒሳቡን ዘግቶ ማሳወቅ አለበት። ልጅቷ አሁን ደረሰኝ ከካርቶን እየለቀመች እንደገና ከአንድ ጀምራለች።

በኋላ ሄጄ ስጠይቅ ነገሩ ወጣ። እሁድ ዕለት የወዳጄ ልጅ «ኮምፒውተሩን ላጽዳው» ብሎ የፒችትሪውን የዳታ ፎልደር ከሲ ወደ ዲ ወስዶት ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው! ዳታው እኮ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር።

እንዲህ አስቡት። ቤት ቀይራችሁ ለዘመድ ሳትነግሩ ብትቀሩ የድሮውን በር ያንኳኳል፤ «እዚህ የሉም» ይሉታል። ታዲያ ሞታችኋል ብሎ ድንኳን ይጥላል እንዴ?

ፒችትሪም ዳታው የት እንዳለ የሚያውቀው መጨረሻው «አይኤንአይ» በሆነ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ፣ «ዳታፓዝ» በሚል መስመር ከተጻፈለት አድራሻ ነው። አድራሻውና ትክክለኛው ቦታ ካልገጠሙ አላገኘሁም ይላል። መፍትሔው ፎልደሩን ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ ካልሆነም የአይኤንአይ ፋይሉን መጀመሪያ ኮፒ አድርጎ መስመሩን ማስተካከል። በኔትወርክ የምትሠሩ ደግሞ ዋናው ኮምፒውተር መብራቱን፣ ስሙ አለመቀየሩን፣ ፎልደሩ ሼር መደረጉን እዩ። መልእክቱ ውስጥ «ፐርቫሲቭ» የሚል ቃል ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዳታቤዙን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቪስ ቆሞ ወይም ፋየርዎል ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ሰርቪሱን ማስነሳት ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ፎርማት የሚፈልግ የቱ ነው?

ባለሙያውን ብቻ መውቀስ ግን አልፈልግም። እኔ አይሲቲ አስተማሪ ነኝ፤ እውነቱን እንነጋገር። «ዳታቤዝ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቃለን፣ ተማሪው የሸመደደውን ይጽፋል፣ ኤክስ ወይም ራይት እናደርጋለን። መልእክት ሲወጣ ቆሞ ማንበብን ግን አላስተማርነውም። እንግሊዝኛው ያስፈራዋል፣ ኦኬ ብሎ ይገላገላል። ነገ «ፒችትሪ የሚችል» የሚል ማስታወቂያ አይቶ የሚቀጠረው፣ ያኛውም ባለሙያ፣ የኛው ተማሪ ነው።

እኔ ከዚህ ሳምንት ጀምሬ አንድ ነገር እየሞከርኩ ነው። ላባችን ውስጥ ግማሹ ኮምፒውተር አይነሳም፤ ለዚህ ግን አንድ ይበቃል። ፎልደር ሆን ብዬ አዛውራለሁ፣ ተማሪው መልእክቱን ጮክ ብሎ ያነባል፣ በአማርኛ ይተረጉማል፣ ከዚያ ይፈልገዋል። ትናንት አንዷ ስታገኘው «ቲቸር፣ እሱ ራሱ ነግሮን ነበር እኮ!» አለች።

አዎ፣ ነግሮን ነበር።

ነጋዴ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ማታ ከመዝጋታችሁ በፊት ባክአፕ በፍላሽ ያዙ። መልእክት ከወጣ መጀመሪያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ያላነበበውን ሰው ኮምፒውተራችሁን አታስነኩ።