ጠርሙሱን ሸፍኑልኝ

በአንድ የእራት ግብዣ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሰው የወይን ጠጁን ጠርሙስ አገላብጠው አነበቡ፤ ዋጋውንም ጠየቁ። ብርጭቋቸውን ያነሡት ከዚያ በኋላ ነው። አሸተቱና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «የአሮጌ ብራና ሽታ አለው» አሉ። ፊት ለፊታቸው የነበረው እንግዳ ግን ሳቀ፤ «ቅምሻ የሚባለው ሁሉ ማስመሰል ነው፤ ሳይንስም አጋልጦታል» ሲል ደመደመ። እኔ በሁለቱም አልተስማማሁም። ያን ምሽት በዝምታ ያለፍኩትን ክርክር ዛሬ በጽሑፍ ልወጣው።

ተሳላቂው የተመረኮዘበትን ማስረጃ አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት የቦርዶ ተመራማሪዎች ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀለም አቅልተው ለ54 ተማሪዎች አቀረቡ፤ ተማሪዎቹም ለቀይ ወይን ጠጅ በሚነገሩ ቃላት ገለጹት። ራሳቸው ወይን ጠማቂ የሆኑት ፕሮፌሰር ሮበርት ሆጅሰን ደግሞ በካሊፎርኒያ ውድድር ላይ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳውን ወይን ጠጅ ለዳኞች ሳይነግሩ 3 ጊዜ አስቀመሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 እንደጻፉት፣ ተቀራራቢ ነጥብ ደግመው የሰጡት ዳኞች ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ይህ ምን ያስረዳል? የፊተኛው ዓይን አፍንጫን እንደሚመራ አሳየ፤ የተታለሉትም ገና ሙያውን በመማር ላይ የነበሩ ናቸው። የኋለኛው ነጥብና ሜዳሊያ ምን ያህል እንደማይታመኑ አሳየ። ሚዛን ተዛባ ማለት ግን ክብደት የለም ማለት አይደለም።

ችሎታውን ማየት የሚሻ የ«ማስተር ኦፍ ዋይን»ን ፈተና ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1953 በሎንዶን ሲጀመር ከ21 ተፈታኞች ያለፉት 6 ብቻ ነበሩ። ዛሬም ተፈታኙ ስማቸው ያልተነገረው 36 ወይን ጠጆች ይቀርቡለታል፤ የወይኑን ዘር፣ አገሩንና አሠራሩን በምክንያት አስደግፎ መጻፍ አለበት። ይህ በማስመሰል አይታለፍም።

ቃላቱም ቢሆኑ ሁሉም ባዶ አይደሉም። አንዳንድ የሺራዝ ወይን ጠጅ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል ሲባል የቀማሾች ቅኔ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የሽታውን ምንጭ ለዩት፤ ሮተንዶን ይባላል፤ በራሱ በቁንዶ በርበሬ ውስጥም ይገኛል። ደግሞም ከ5 ሰዎች አንዱ ያህል ይህን ሽታ ፈጽሞ አያሸትም። እንግዲህ ሽታው እውነት ነው፤ አፍንጫው ግን የየራሳችን ነው። «አልሸተተኝም» ማለትና «የለም» ማለት ለየቅል ናቸው።

ሐሰቱስ የት አለ? ስም አይቶ በሚቀምስ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓሪስ 9 የፈረንሳይ ዳኞች የአገራቸውንና የካሊፎርኒያን ወይን ጠጆች ጠርሙሱ ተሸፍኖ ቀመሱ፤ በነጩም በቀዩም አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያው ሆነ። የዳኞቹ ነጥብ እርስ በርሱ የተራራቀ ነበርና ለእኔ ቁም ነገሩ አንደኝነቱ አይደለም። ስሙ ሲሸፈን የዘመናት ዝና ብቻውን መቆም አለመቻሉ ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፤ መለየት ችሎታ ነው፤ መውደድ ግን የግል ነው። ቀማሽ የለየውን ሲነግረኝ አምነዋለሁ፤ ምን መውደድ እንዳለብኝ ሲያዝዘኝ አልሰማውም። ጠርሙሱን ለመሸፈን እምቢ ያለውን ደግሞ ከመጀመሪያውም አላደምጠውም።

እኛስ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች? ግጥም ሲቀርብልን አስቀድመን የምናነበው ስንኙን ነው ወይስ ከሥሩ ያለውን ስም? በዚያ ጎረቤቴ ላይ ከመሳቃችን በፊት መልሱን ለየራሳችን እንስጥ። እኔ የእኔን ስላወቅሁት ነው ጠርሙሱን ሸፍኑልኝ የምለው።