የአምባዛ መኖ ንጽጽር በምን ይለካ?

በቤት የተዘጋጀን የአምባዛ መኖ ከፋብሪካ መኖ ጋር የሚያነጻጽር ጥናት «የፋብሪካው ዓሣውን ፈጥኖ ያሳድጋል» ብሎ ቢደመድም የሚያስገርም አይሆንም። አምባዛ ለጥሩ ዕድገት 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው መኖ ይሻል። በኢትዮጵያ በቀላሉ የሚገኘው የኑግ ፋጉሎ የሚይዘው 30 በመቶ አካባቢ ሲሆን የስንዴ ፉርሽካ ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ሁለቱን ብቻ ቀላቅሎ ከፋብሪካ ምርት ጋር ማወዳደር በዋናነት የፕሮቲንን ልዩነት መለካት ነው። የደም ዱቄት ወይም የተቆላ አኩሪ አተር የተጨመረበት ቅልቅል ከዚህ ጋር «የቤት መኖ» በሚል አንድ ስም መጠራቱም አግባብ አይደለም።

ለአርቢው ዋናው ጥያቄ ወጪ ነው፤ ከእርባታው ወጪ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ የሚወስደው መኖ ነውና። ለምሳሌ አንድ ኪሎ ግራም ዓሣ ለማምረት ከፋብሪካው መኖ 1.5፣ ከቤቱ 3 ኪሎ ግራም ቢያስፈልግ፣ የቤቱ መኖ የሚያዋጣው ዋጋው ከፋብሪካው ከግማሽ በታች ሲሆን ብቻ ነው። የማስፈጫ ክፍያ፣ ጉልበትና ዓሣው ለገበያ እስኪደርስ የሚጨመሩት ወራት ገና አልታሰቡም። የክብደት ሠንጠረዥ አቅርቦ ይህን ስሌት የሚዘል ጥናት ለአርቢው ብዙ አይረዳም።

የሙከራው ቦታም ውጤቱን ይለውጣል። በፍግ በለማ ኩሬ ውስጥ ዓሣው ጥቃቅን የውኃ እንስሳትንና ትላትልን ስለሚያገኝ የመኖው ጉድለት በከፊል ይካካሳል፤ በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ግን ይህ የለም። ተንሳፋፊ የፋብሪካ መኖ ሲተርፍ በዓይን ይታያል። በእጅ የተድቦለቦለው ግን ሰጥሞ ስለሚሟሟ የባከነው እንደተበላ ይቆጠራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው በሕይወት የተረፉት ዓሦች ቁጥር ሳይገለጽ የሚቀርብ አማካይ ክብደት ነው። አምባዛ ሲራብና መጠኑ ሲበላለጥ እርስ በርሱ ይበላላል። ባልንጀሮቻቸውን በልተው የወፈሩ ጥቂት ዓሦች ደካማውን መኖ ምርጥ ሊያስመስሉት ይችላሉ።

ፋጉሎና ፉርሽካ ርካሽ ተረፈ ምርቶች ናቸው የሚለው ልማዳዊ ግምትም ሊፈተሽ ይገባዋል። ሁለቱም የወተት ላምና የድልብ በሬ መኖ በመሆናቸው ዓሣ አርቢው የሚሻማው ከወተት አምራቹና ከአደላቢው ጋር ነው። እርጥበት ባለበት የተከማቸ ፋጉሎ ደግሞ ሻጋታና አፍላቶክሲን ሊያፈራ ይችላል። ስለዚህ ግብዓቱ የተገዛበት ወርና ዋጋ፣ የተከማቸበትም ሁኔታ ከፕሮቲን ትንተናው ጎን መመዝገብ አለበት።