"ጎበዝ ናት" ስንት ነው?

አዳማ ላይ ቅርጫት ኳስ የሚጀመረው ፀሐይዋ ልብ ስትገዛ ነው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ። የእኔ ቦታ ሜዳው ጠርዝ ያለችው ድንጋይ ናት። ጉልበቴ ላይ ደብተር፣ እጄ ላይ እስክሪብቶ። ስም፣ የሞከረው፣ ያገባው፣ ሪባውንድ፣ አሲስት፣ ያስነጠቀው ኳስ። ነፋሱ ገጹን ሲገልጥብኝ በክርኔ እይዘዋለሁ። ጓደኞቼ "ቆጠራ ኮሚሽን" ይሉኛል። አንዲት የሰፈር እናት ደግሞ "ኧረ ተው ልጄ፣ ልጅ አይቆጠርም!" ብለውኛል። እማማ፣ እኔ እኮ የምቆጥረው ልጁን ሳይሆን ሥራውን ነው!

እንዴት ጀመርኩ መሰላችሁ? ሦስት ዓመት ሙሉ ከወንዶች ጋር እየተጋፋች ሜዳችን ላይ የተጫወተች ልጅ ነበረች። አዲስ አበባ አንድ ክለብ ለሙከራ ሄደች። ሰውዬው "በአማካይ ስንት ታስቆጥሪያለሽ? ሪባውንድስ?" አላት። ምን ትበል? አብረናት የሄድነው "በጣም ጎበዝ ናት!" አልን። ሰውዬው ሳቀ። ስንመለስ ፈጣኑ መንገድ እስኪያልቅ ማንም አልተናገረም። ሦስት ዓመት ስናጨበጭብላት አንድ መስመር አልጻፍንላትም። በማግስቱ ደብተር ገዛሁ።

ነገሩ ትርፍ ጊዜ ማባከን ለሚመስላችሁ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1962 ዊልት ቻምበርሌይን በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ አስቆጠረ። በእኛ የካቲት 23 ቀን 1954፣ የዓድዋ ዕለት! ጨዋታው ሄርሺ በምትባል የፔንሲልቬኒያ ትንሽ ከተማ ነበር፤ በቴሌቪዥን አልተላለፈም። በምን አወቅን ታዲያ? ሃርቪ ፖላክ የሚባል ሰው ቁጭ ብሎ ስለመዘገበ። ወረቀት ላይ "100" ብሎ ጽፎ ለዊልት ያስያዘውም እሱ ነው፤ ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። መዝገቡ ደግሞ ይብስ ይገርማል፦ ከሜዳ 63 ሞክሮ 36፣ ከቅጣት 32 ሞክሮ 28። ያውም ዕድሜ ልኩን የቅጣቱን ግማሽ ያህል ሲስት የኖረ ሰው! "መቶ አገባ" የሚለው ወሬ ይህን አይነግራችሁም።

ከዚያ 40 ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥር 13፣ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዷል። መንግሥቱ ወርቁን የማያውቅ የለም። ግን ያን ቀን ስንት ጊዜ ሞከረ? ተከላካዮቻችን ስንት ኳስ ነጠቁ? እስቲ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ትረካው ይጣፍጣል፤ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ዝም።

ደብተር ዓይንንም ያርማል። እንበል አንዱ 20 ሞክሮ 8 አገባ፤ 16 ነጥብ፣ ጭብጨባ። ሌላዋ 7 ሞክራ 5 አገባች፤ 10 ነጥብ፣ ማንም ዞሮ አላያትም። እሱ ግን 12 ኳስ ስቷል፤ እሷ 2 ብቻ። ለማን ነው ማቀበል ያለባችሁ?

ቁጥር ሁሉን አይናገርም፣ አውቃለሁ። ኤንቢኤ ብሎክና ስቲልን በይፋ መቁጠር የጀመረው በ1973/74 የውድድር ዘመን ነው። 11 ዋንጫ ያነሳው ቢል ራስል ያኔ ጫማውን ከሰቀለ ቆይቷል፤ በብሎክ የሚታወቀው ሰው አንድም በይፋ የተመዘገበ ብሎክ የለውም። ይህ ግን "መቁጠር ተዉ" አያሰኝም። የተረሳውንም ጨምሩ ያሰኛል እንጂ።

ሞጆም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም ያላችሁ፣ አንድ ደብተር አይከብድም። ከእናንተም ሜዳ ነገ አንዷ ለሙከራ ትሄድ ይሆናል።

መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ጨዋታው ሲያልቅ ከብበውኝ "ብራዘር፣ ስንት አገባሁ?" ይሉኝ ነበር። ባለፈው ግን ከሁሉም ትንሹ ጆሮዬ ላይ ጠጋ አለና "ስንት ሳትኩ?" አለኝ። ነገርኩት። ሌሎቹ ወደ ቤት ሲሄዱ እሱ ኳሷን ይዞ ቀረ።