ባዶ ሜዳ በዶላር

ድንኳን በእኛ አገር የሚተከልበት ምክንያት የታወቀ ነው። ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ሰው ተሞሽሯል፤ ድሮ ደግሞ ንጉሥ ዘምቷል። በሦስቱም ድንኳን ማለት ሰው የሚሰበሰብበት ጥላ ነው። በታንዛኒያ፣ በሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ሁለት ሌሊት ያደርኩበት ድንኳን ግን የሚሸጠው ተቃራኒውን ነው፤ ከሰው መራቅን። ለዚህ ርቀት ባለጸጋው እንግዳ በአንድ ሌሊት ከሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል። (እኔ አልከፈልኩም። አሩሻ ለስብሰባ የጠሩኝ ሰዎች ናቸው የጋበዙኝ።)

ስለ ምቾቱ ብዙ አልልም። ግድግዳው ሸራ በመሆኑ ብቻ ድንኳን ተባለ እንጂ የእንጨት ወለል፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ፣ ፍል ውሃና በበረዶ የቀዘቀዘ ወይን ያለው ቤት ነው። ማታ እሳት ይነዳል፤ በዙሪያው ወንበር ይደረደራል። ከዚያ አስጎብኚው ዝምታው እስኪሰማን ጠብቆ «ይኸውላችሁ አፍሪካ፣ እግዜር እንደፈጠራት!» ይላል። እንግዶቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሙግቴ ከዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ጋር ነው።

ሴሬንጌቲ የሚለው ስም ራሱ ከማሳዮች ቋንቋ የመጣ ነው፤ ማለቂያ የሌለው ሜዳ ማለት ነው ይባላል። ሰው ያልነበረበት ሜዳ ይህን ስም ከየት አመጣው? በፓርኩ ውስጥ ሞሩ በሚባሉት ቋጥኞች ላይ በቀይ፣ በነጭና በጥቁር የተሳሉ ጋሻዎች አሉ። ጎብኚው ፎቶ ሲያነሳቸው የድንጋይ ዘመን ሰው ሥራ ይመስሉታል። የማሳይ ጎረምሶች የሳሏቸው ናቸው። ማሳዮች ከዚህ የወጡት ደግሞ በፍጥረት ቀን ሳይሆን በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ሽማግሌዎቻቸውን አስፈርሞ፣ «እዚያ ከብታችሁን እያረባችሁ ትኖራላችሁ» ብሎ ወደ ንጎሮንጎሮ አሻገራቸው። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ቤርንሃርድ ግርዚሜክ ከልጁ ጋር የሠራው «ሴሬንጌቲ መሞት የለባትም» የተባለው ፊልም ወጣ፤ ኦስካርም ተሸለመ። ግርዚሜክ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የአገሩ ተወላጅም ቢሆን ሰው ሊኖርበት አይገባም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ለእንግዳ አልጋ ግን ቦታ አልጠፋም።

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ታሪኩ የእኛም ነውና። ክፉ ቀን የሚባለውን የምኒልክ ዘመን ረሃብ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ከኢጣሊያኖች ጋር በምጽዋ በኩል በመጡ ከብቶች የገባው የደስታ በሽታ (ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ!) የበሬውን ዘር ፈጅቶ ገበሬውን ያለ ማረሻ አስቀረው። ያ በሽታ ግን እኛ ዘንድ አላበቃም። ወደ ደቡብ ተጉዞ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የማሳዮችን ከብት ጨረሰ፤ ጎሹንና ዊልደቢስት የሚባለውን ጢማም የዱር እንስሳ ሳይቀር ረፈረፈ፤ ረሃብና ፈንጣጣ ደግሞ ተከትለው ሰዉን ፈጁት። እንግዲህ አውሮፓውያን አገሩን ሊይዙ ሲመጡ ያገኙት ሜዳ ክፉ ቀን ያለፈበት ሜዳ ነው። በዚያ ዘመን በወሎ ያለፈ እንግዳ «ይህ አገር ከጥንቱም ሰው አልነበረበትም» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ምን እንለው ነበር?

ጎብኚው ውቅያኖስ አቋርጦ ሊያየው የሚመጣው የዊልደቢስት መንጋም ቢሆን ከሚሊዮን በላይ የሆነው በቅርቡ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። የበዛው በአካባቢው ያሉ የአርብቶ አደሮች ከብቶች ተከትበው በሽታው ከሜዳው ከጠፋ በኋላ ነው። እግዜር እንደፈጠራት በተባለችው ሜዳ ላይ የእንስሳት ሐኪም መርፌ አለበት።

የሚሞግተኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። «ዶላሩ ባይኖር አንበሳው ይመረዛል፣ ዝሆኑ ለጥርሱ ይታደናል፣ ሜዳው ይታረሳል» ይለኛል። ውሸት አይደለም። ፓርኩ ይፍረስ ያለም የለም። ከድንበሩ ማዶ፣ በኬንያ በማሳይ ማራ ዙሪያ፣ ማሳዮች የግል መሬታቸውን ለካምፖች አከራይተው ኪራይ ይቀበላሉ፤ ከብት የት፣ መቼ እንደሚግጥም በስምምነት ይወሰናል። ኪራዩ አነሰ፣ መሬት የሌለው ምንም አይደርሰው የሚል ቅሬታ አለ፤ ተገቢም ነው። ቢሆንም አከራይ አለ፣ ተከራይ አለ፣ በውሉ ላይ የሰው ስም አለ። የእሳት ዳሩ ተረት ግን አከራዩን ጨርሶ ከታሪክ ይሰርዘዋል።

ተረት ሆኖ ቢቀር ባልተሟገትኩ ነበር፤ ነገር ግን ያፈናቅላል። ትኖሩበታላችሁ የተባሉት የንጎሮንጎሮ ማሳዮች በ2022 እ.ኤ.አ. በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ምሶሜራ መዛወር ጀመሩ። መንግሥት በፈቃዳቸው ነው አለ፤ እነሱ ደግሞ የሕክምናና የትምህርት አገልግሎት እየተነፈግን ምን ፈቃድ አለ አሉ። በዚያው ዓመት በሰኔ፣ ከሴሬንጌቲ አጠገብ ባለው ሎሊዮንዶ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ግጦሽ ለመከለል ችካል ሲተከል ፖሊስ ተኮሰ፤ አንድ ፖሊስም ተገደለ፤ ቁስለኞች ለሕክምና ወደ ኬንያ ተሻገሩ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የድንኳኑ ነገር ነው። ማሳዩ ዝናብ ተከትሎ ስለሚሄድ «ዘላን» ይባላል፤ አንድ ቦታ ይቀመጥ ተብሎም ይመከራል። የዊልደቢስቱን መንጋ እየተከተሉ በየወራቱ ድንኳናቸውን ነቅለው የሚተክሉ ካምፖች ደግሞ «ተንቀሳቃሽ» ተብለው ይሞካሻሉ፤ እንግዳም ይሻማባቸዋል። ማታ ከእራት ወደ ድንኳኔ የሸኘኝ ዘበኛ ጦር የያዘ ማሳይ ነበር። ከብቱን ይዞ ቢመጣ ግን ተከሳሽ ነው።

ይህን ለእኛ አገር ቱሪዝም አቃጆች ነው የምጽፈው፤ እንዲህ ያለውን ካምፕ በቅናት ሲያወሩት እሰማለሁና። አዋሽ ፓርክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲከለል ከረዩና አፋር ግጦሻቸውን አጥተዋል። በሰሜን ተራሮች ደግሞ የግጭ መንደር ሰዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ግጭ በእግር የሚጓዙ ጎብኚዎች ድንኳን የሚተክሉበት ቦታ ነው። እዚያ አንድ ሰሌዳ ይቁም፤ እነማን እንደነበሩ፣ መቼና በምን ስምምነት እንደወጡ፣ ከጎብኚው ክፍያም ስንቱ እንደሚደርሳቸው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፍበት። ዋጋው ከአንድ የሴሬንጌቲ ሌሊት አይበልጥም።