«እስማማለሁ»

መቼም በዚህ ዘመን «እስማማለሁ» እንደምትለው ቃል የረከሰች ቃል ያለች አይመስለኝም። የአውሮፓን ጋዜጦች በድረ ገጽ የምታነቡ ወዳጆቼ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ገና ርእሱን ሳታነቡ አንድ ሳጥን ብቅ ይልና «የግል ሕይወትዎን እናከብራለን» ይላል። ከሥሩ «ሁሉንም እቀበላለሁ» በደማቅ ቀለም ያበራል። «አልቀበልም» የምትለው ግን በደበዘዘ ግራጫ ፊደል ከተጻፈች መስመር ጀርባ፣ በሌላ ገጽ፣ ከብዙ ማብሪያና ማጥፊያ በታች ተቀብራለች።

ኩኪ በራሱ ክፉ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሉ ሞንቱሊ የተባለ የኔትስኬፕ ባለሙያ ሲፈጥረው፣ ድረ ገጹ ጎብኚውን እንዲያስታውስ የታሰበ ትንሽ ማስታወሻ ነበር። በኋላ ነው አስተዋዋቂዎች ሰውን ከገጽ ወደ ገጽ የሚከተሉበት ዱካ የሆነው።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2019 አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ ሊባል አይችልም ሲል በየነ። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣንም በጃንዋሪ 2022 ጎግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታወቀ፤ ምክንያቱም መቀበል በአንድ ጠቅታ ሲያልቅ እምቢ ማለት ግን ብዙ ጠቅታ ይጠይቅ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ ገንዘብ ያስከፈለው የቁልፍ አቀማመጥ ነው!

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ፊርማ መቀበል የዕለት እንጀራዬ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናት በአውራ ጣታቸው ሊፈርሙ መስኮቴ ላይ ቢቆሙና እኔ የቅጹን ግማሽ በመዳፌ ሸፍኜ «እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙ እማማ» ብላቸው፣ አሻራው የእርሳቸው ቢሆንም ፈቃዱ የእኔ ነው። ያ ሳጥን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መዳፉ ግን አይታይም።

ግጥም መሞከሬን የሚያውቅ አንድ ወዳጄ «ታዲያ ይህስ ሰምና ወርቅ አይደለምን?» ብሎ ቀለደብኝ። ኧረ በጭራሽ! ባለ ቅኔው ወርቁን የሚሰውረው ተፈልጎ እንዲገኝ ነው፤ ሲገኝም ሰሚውና ተቀኚው አብረው ይደሰታሉ። እነዚህኞቹ የሚሰውሩት ፈላጊው ታክቶት እንዲተወው ነው።

በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አስፈጻሚዎቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ፈቃድ የሚጠይቀውን ገጽ ሲመረምሩ ከቃሉ ጋር የቁልፎቹን ቀለምና መጠንም ይመልከቱልን። «እምቢ» የምትለው ቁልፍ ከ«እሺ» ጎን፣ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ቀለም ትቀመጥ።