ለጨጓራ መድኃኒት በቶሎ የተከፈተው በር፣ ለድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ ለምን ዘገየ?

በከተሞቻችን መድኃኒት ቤቶች ገዢ የማያጡ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አንደኛው የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ነው። ሌላኛው ብዙዎች «ፖስትፒል» በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁት ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ፣ ሌቮኖርጀስትሬል ነው። የመጀመሪያውን ገዢው ሳይሸማቀቅ ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ለመጠየቅ ግን ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ይጠበቃል። የትኛው የበለጠ የባለሙያ ክትትል ይሻል የሚለው ጥያቄ ግን በገዢው ኀፍረት የሚመለስ አይደለም።

ጉዳዩ በአሜሪካ ለ10 ዓመታት ያህል አከራክሯል። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኦሜፕራዞል ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ እ.ኤ.አ. በጁን 2003 ፈቀደ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር አማካሪ ባለሙያዎቹ «ፕላን ቢ» የተባለው ድንገተኛ መከላከያም እንዲሁ እንዲፈቀድ በ23 ለ4 ድምፅ መከሩ። አስተዳደሩ ግን ከ16 ዓመት በታች ስላሉ ታዳጊዎች በቂ መረጃ አልቀረበም በማለት በሜይ 2004 ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ። የተቋሙ የሴቶች ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሱዛን ውድ በ2005 በተቃውሞ ሥራቸውን ለቀቁ። በ2006 ዕድሜያቸው 18 ለሞላ ብቻ ተፈቀደ፤ በ2011 አስተዳደሩ ገደቡን ሊያነሣ ሲል የጤና ሚኒስትሯ ካትሊን ሰቤሊየስ ከለከሉ። ገደቡ የተነሣው ፍርድ ቤት ካዘዘ በኋላ፣ በ2013 ነው።

ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ኦሜፕራዞል መግለጫም ከ18 ዓመት በታች ያሉ ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይወስዱት ያሳስባል። ሆኖም ለቃር መድኃኒት መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ልዩነቱን የፈጠረው የመድኃኒቱ ጠባይ ብቻ ነበር ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ጠባያቸውን ብናነጻጽር ሚዛኑ እንዲያውም ወደ ሌላ ያዘነብላል። ኦሜፕራዞል ሙሉ ለሙሉ ለመሥራት ከ1 እስከ 4 ቀን ይፈጅበታል፤ ታማሚው ሐኪም ለማግኘት ሁለት ቀን ቢዘገይ ብዙም አይጎዳም። ሌቮኖርጀስትሬል ግን ከጊዜ ጋር ይሽቀዳደማል። የሚሠራው እንቁላል እንዳይለቀቅ በማዘግየት ስለሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠንም ፈጥኖ መወሰድ አለበት። የተፀነሰ እርግዝናን አያቋርጥም። ገበያ በሳምንት አንድ ቀን በሚቆምበት ቀበሌ ለምትኖር ሴት 72 ሰዓት አጭር ነው፤ ማዘዣ ፍለጋ የሚባክነው እያንዳንዱ ቀን የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል።

ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የሚያሳስበው ያ የማይታፈርበት መድኃኒት ነው። ያለ ማዘዣ ሲወሰድ መጠኑ ለ14 ቀን ሲሆን፣ በ4 ወር ውስጥም አይደገምም። በየመንደሩ ግን ወራትን ተሻግሮ የሚውጠው ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው አወሳሰድ የብረትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊያስከትል፣ የጨጓራ ካንሰርን ምልክትም ሊሸፍን ይችላል። በአገራችን በስፋት የሚገኘው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያም በኦሜፕራዞል ብቻ አይጠፋም፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ያስፈልጉታል። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ኦሜፕራዞል የወሰደ ሰው ባክቴሪያው እያለበት «የለብህም» ሊባል ይችላል። ክብደት እየቀነሰ፣ ሰገራው እየጠቆረ ወይም ምግብ ለመዋጥ እየተቸገረ ከመድኃኒት ቤት ወደ መድኃኒት ቤት የሚዞር ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል።

ድንገተኛው መከላከያም ያለ ምክር ይሸጥ ማለት አይደለም። ኤች አይ ቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን አይከላከልም፤ በየጊዜው ከሚወሰዱት የእርግዝና መከላከያዎች ያነሰ አስተማማኝ ስለሆነም የዘወትር ዘዴ ሊሆን አይገባም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ኃይሉን ይቀንሱታል፤ ስለዚህ ሻጩ ሌላ የሚወሰድ መድኃኒት እንዳለ ቢጠይቅ ወግ ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ ያስመለሳት ሴት እንደገና መውሰድ አለባት። በ5 ቀን ውስጥ ጤና ጣቢያ መድረስ ለምትችል ደግሞ በማኅጸን የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ከእንክብሉ የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ ለቀጣዮቹ ዓመታትም ያገለግላታል።